ከዋናው ሰሌዳ እስከ አዳራሹ፤ በቱቦ ወይስ በኬብል?

ለሰበካ ጉባኤያት የሕንፃ ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ ንግግር



በየአጥቢያው አዳራሽ ወይም የሰንበቴ ቤት ሲሠራ ኮሚቴው ስለ ጣሪያውና ስለ ወለሉ ብዙ ይመካከራል፤ ስለ ኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ባለሙያው ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ሽቦው ግን ለብዙ ዘመን ከእኛ ጋር ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ኮሚቴው ራሱ ሊያውቀው ስለሚገባ አንድ ውሳኔ ነው። ከዋናው ማከፋፈያ ሰሌዳ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ንዑስ ሰሌዳ የሚሄደው መስመር በቱቦ ይለፍ ወይስ በኬብል?

በተለምዶ ኮንዲዩት የምንለው ቱቦ ባዶ መንገድ ነው፤ ነጠላ ሽቦዎች ኋላ ይሳቡበታል። ኬብል ደግሞ ሽቦዎቹ ከፋብሪካ በአንድ ልባስ ተጠቅልለው የወጡበት ነው፤ ለመሬት ውስጥ የሚመረጠው ከልባሱ ሥር የብረት ጋሻ ያለው ነው። ሁለቱም በሚገባ ከተሠሩ ያገለግላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ፍላጎት ሲጨምር ወይም ጉዳት ሲደርስ ነው።

በምሳሌ እንየው። አዳራሹ ከዋናው ሰሌዳ 60 ሜትር ይርቃል እንበል። እያንዳንዳቸው 3,500 ዋት የሚወስዱ ሁለት የእንጀራ ምጣዶች አሉት፤ መብራቱና የድምፅ ማጉያው 1,500 ዋት ይወስዳሉ። ድምሩ 8,500 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 39 አምፔር ያህል ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይህን ጭነት ሊሸከም ይችላል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ 10 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ መብራቱ ይደክማል፣ ምጣዱም ይዘገያል። በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን የሚጠፋው 6.5 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ጭነቱና ርቀቱ ይሰላ።

የቱቦ ጥቅሙ ለነገ ነው። ምጣዶቹ ሁለት የነበሩት አራት ሲሆኑ፣ ግድግዳ ሳይፈርስ አሮጌው ሽቦ ወጥቶ ወፍራሙ ይገባል። ይህ የሚሆነው ግን ቱቦው ሰፊ ሲሆን ነው። ሽቦዎቹ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ከ40 በመቶ በላይ ባይሞሉት መልካም ነው። በሁለት መሳቢያ ሳጥኖች መካከል ከአራት በላይ ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ አይኑር፤ በቱቦው ውስጥም ሽቦ አይቀጠል። ቱቦው የብረት ከሆነ የአንድ መስመር ሽቦዎች ሁሉ በአንድነት ይለፉ፤ ተለያይተው ካለፉ ብረቱ ይግላል።

በግቢው አፈር ውስጥ ግን ሌላ ነገር እናስብ። የቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር የመቃብርም ስፍራ ነው። ዛሬ ባዶ የምናየው ቦታ ነገ ይቆፈራል። ኬብል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ፣ ከሥሩና ከላዩ አሸዋ ተደርጎለት፣ ከበላዩ የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ተዘርግቶ ይቀበራል፤ መቃብር ግን ከዚህ ይጠልቃል። የቆፋሪው ዶማ የፕላስቲክ ቱቦውን በቀላሉ ይበሳዋል፤ ሽቦውም እጁ ላይ ይደርሳል። ጋሻ ያለው ኬብል ይበልጥ ይቋቋማል፤ ዶማው ቢወጋውም ጋሻው ከመሬት ሽቦው ጋር በትክክል ከታሰረ ብሬከሩ ወዲያው ኃይሉን ያቋርጣል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በግቢው ውስጥ ጋሻ ያለው ኬብል በአጥሩ ወይም በመተላለፊያው ዳር፣ ከመቃብር ስፍራ ርቆ ይለፍ፤ በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ቱቦ ይሁን። ጉድጓዱ አንድ ጊዜ ከተቆፈረ አይቀር፣ በጎኑ መሳቢያ ገመድ ያለው ባዶ ቱቦ ለነገ ይቀመጥ። የጥንት ሥዕል ያለበት ግድግዳ ግን ለቱቦም ሆነ ለኬብል ፈጽሞ አይፈልፈል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ኮሚቴው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ብሬከሩ ከሽቦው አቅም ጋር ይስማማልን? ሁለተኛ፣ በንዑስ ሰሌዳው ላይ ኒውትራሉና የመሬት ሽቦው ተለያይተው ታስረዋልን? እዚያ ከተገናኙ፣ በጭነት ጊዜ ኃይል በማይገባው መንገድ፣ በሰሌዳው ብረትና በኬብሉ ጋሻ ሳይቀር ይመለሳል። ሦስተኛ፣ መስመሩ ያለፈበት ቦታ ከአጥሩና ከሕንፃው በሜትር ተለክቶ በካርታ ተሥሏልን?

ካርታው በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ግልባጩም መቃብር ለሚያስቆፍረው ሰው ይሰጥ። እኛ ከኃላፊነት እንነሣለን፤ ኬብሉ ግን በቦታው ይቆያል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዶማ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያውቀው እኛ ጽፈን የተውንለትን ብቻ ነው።