የሁለት ፊደል ተማሪ

በካፋ ዞን የካፋ ቋንቋ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ዓይነ ስውር የሆነ የዞኑ ከተማ የቦንጋ ልጅ ሁለት ዓይነት ብሬል መልመድ ይኖርበታል። በአማርኛው ብሬል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ «ቦ» ብቻዋን ሁለት ቦታ ትይዛለች። ልጁ ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባለው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ላይ ወጥሮ በስታይለስ (በመውጊያው) ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ለፈተና የሚሰጠው ተጨማሪ ደቂቃም ውለታ ሳይሆን መብቱ ነው።

መስማት የሚቸግረው ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ ካፋ ዝናባማ ነው። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ ለሁሉም ይደክማል፤ መስማት ለሚቸግረው ልጅ ግን ጨርሶ ይጠፋል። ችግሩ ካልታወቀለት «ሰነፍ» ይባላል፤ ይህም ትልቅ በደል ነው። ከፊት ወንበር ማስቀመጥና ፊት ለፊት እያዩት መናገር ምንም ወጪ የለውም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም እንዲማሩ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ የተያዘው አሠራር የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፦ በአንድ ትምህርት ቤት የተመደበ የልዩ ፍላጎት መምህር የአጎራባች ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎችና መምህራን ያግዛል።