ስለ ወባና ስለ ቤታችን ቋንቋ



እኛ የሆሞሻ ተማሪዎች ወባን በሦስት ቋንቋ እናውቃታለን፤ በክፍል በእንግሊዝኛ፣ በሕክምና ቦታ በአማርኛ፣ ብዙዎቻችን በቤት ደግሞ በበርታኛ። በፈተና ላይ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ብለን ጽፈን ነጥብ እናገኛለን። ዳሩ ግን ይህንኑ ለእናታችሁ ንገሩ ብንባል ምላሳችን ይተሳሰራል።

ባለፈው መኸር ከመካከላችን ያንዱ ታናሽ እህት ታመመችና ኮአርተም ታዘዘላት። ይህ መድኃኒት ጧትና ማታ ለ3 ቀን፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው። እናቷ ግን አማርኛው በቅጡ ስላልገባቸው፣ በ2ኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብለው አስቀመጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቱ እንደገና ወደቀች። እግዜር ይመስገን ድናለች። እኛን የሚያሳፍረን ወረቀቱን አንብቦ ማስረዳት የሚችል ወንድም እዚያው ቤት መኖሩ ነው!

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ በርታኛም በላቲን ፊደል ተጽፎ በክልላችን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት በቅቷል። እኛ ግን ከፍ ስንል ለገበያና ለጨዋታ ብቻ ተውነው። ለወርቅ ተቆፍሮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ የወባ ትንኝ መራቢያ ነውና ይደፈን ለማለትም፣ ቆፋሪዎቹ አባቶቻችን ስለሆኑ፣ የሚሻለው የእነርሱው ቋንቋ ነው።

ስለዚህ «ትኩሳቱ ቢበርድም ኪኒኑን ጨርሱ» የሚለው በበርታኛ እንዴት እንደሚባል ሽማግሌዎችን ጠይቀን በደብተራችን ጽፈናል። «ጥገኛ ተሕዋስ» ስለሚለው ግን ገና እየተከራከርን ነው።