የእህት ሠርግ
በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። እህሉም ከአውድማ ወደ ጎተራ ገብቷል።

እህቱ የምትዳር ወንድም በዚያ ቀን እንግዳ አይደለም፤ አስተናጋጅ ነው። ዳሱን የሚተክለው እሱ ነው። ጠላውን የሚቀዳው እሱ ነው። ዘመድ አዝማዱን በር ላይ ቆሞ የሚቀበለውም እሱ ነው።

ዘመድ ብዙ ነው፤ ጠባዩም ብዙ ነው። ምርቃት የሚያስረዝሙ አያት አሉ። ወጡን ራሳቸው ካልቀመሱ የማያምኑ አክስት አሉ። ለአዝማሪው ግጥም ሲሰጥ የሚያመሽ አጎትም አለ። እነዚህ የሠርጉ ድምቀት ናቸው፤ ያለ እነሱ ዳሱ ባዶ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተኳርፎ ቆይቶ የመጣው ዘመድ ነው። ትልቁ ክብርም የሚገባው ለእሱ ነው፤ መምጣቱ ራሱ እርቅ ነውና። ደግ ቤተሰብ እሱን ዳር ላይ አያስቀምጠውም። «ኖር» ብሎ ይነሣለታል። ከሽማግሌዎቹ መካከል ቦታ ይሰጠዋል። ያጎርሰዋል። የድሮውን ነገር ማንም አያነሣበትም። ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ስትሰናበት እሱም ከመራቂዎቹ አንዱ ይሆናል።

ዘንድሮ ሠርግ የሚደግስ ቤት፣ የተኳረፈውን ዘመድ ሳይጠራ አይቅር።