የባሕርን ሙላትና ጕድለት ከሰማይ ስለ መለካት



የውቅያኖስ ውኃ በጨረቃና በፀሐይ ስሕበት በየቀኑ ይሞላል፤ ይጐድላልም። ከሁለቱም ኀይሏ የሚበልጠው ጨረቃ ናት፤ ስለዚህ በብዙው ስፍራ ከአንዱ ሙላት እስከ ሁለተኛው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። በካናዳ አገር በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውኃው እስከ 16 ሜትር ይነሣል።

የቀድሞ ሊቃውንት ምልክት ያለበት እንጨት በወደብ ተክለው ልኩን ይጽፉ ነበር። ዳሩ ግን የወደብ ልክ ለወደቡ ብቻ ነው፤ በጥልቁ ባሕር መካከል እንጨት የሚተከልበት የለምና። ላፕላስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ18ኛው መቶ ዓመት የውኃውን አካሄድ በስሌት ቢያስረዳም፥ ስሌቱን በባሕሩ ሁሉ ለመመርመር መንገድ አልነበረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. አሜሪካና ፈረንሳይ ቶፔክስ ፖሲዶን የተባለችውን ሳተላይት ወደ ሰማይ ሰደዱ። እርስዋም በ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየዞረች የራዳር ጨረር ወደ ባሕሩ ትልክ ነበር፤ ጨረሩ ደርሶ እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይታወቃል፤ ይህም ከሳተላይቲቱ ከፍታ ሲቀነስ የባሕሩ ገጽ ከፍታ ይገኛል።

ታላቁ ብልኀት ግን በጨረሩ አይደለም፤ በመመላለሻዋ ጊዜ ነው እንጂ። በእኩለ ቀን ብቻ የዋርካን ጥላ የሚያይ እረኛ ጥላው ከስፍራው የማይዘዋወር ይመስለዋል። እንዲሁም ሁልጊዜ በአንድ የፀሐይ ሰዓት የምታልፍ ሳተላይት የፀሐይን ሙላት በአንድ መልክ ብቻ ስለምታየው ከቋሚው ባሕር ልትለየው አትችልም። ስለዚህ ቶፔክስ ሁለት ሰዓት በሚጐድለው 10 ቀን ወደ ቀድሞ ስፍራዋ እንድትመለስ ተደረገ። በተመለሰችም ቍጥር የጨረቃን ሙላት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ታገኘዋለች፤ በ62 ቀን ያህልም ዙሩ ይፈጸማል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ሳይቸገር ያስተውለዋል፤ አበቅቴም የሚገኘው ከእንዲህ ያለ ትርፍ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ምርመራ የስሌት ሞዴሎችን በባሕር ውስጥ ከተለካው ልክ ጋራ ቢያስተያይ፥ በጥልቁ ውቅያኖስ ስሕተቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ጥቃቅን ነገር መቍጠር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ባሕሩ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት በአማካይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ ሙላቱ አስቀድሞ በትክክል ካልተቀነሰ ግን ይህ ጭማሪ ተለይቶ አይታይም።

የሚያሳዝነው፥ ስሕተቱ የሚበዛው ሰው በሚኖርበት ዳርቻ መሆኑ ነው፤ በዚያ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጥልቀቱ ያነሰ ባሕር ወለሉ በደንብ አልተለካም፤ የራዳሩም ጨረር ከየብሱ ጋራ ይደባለቃል። ስለዚህ በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ስዎት የተባለችውን ሰደዱ፤ እርስዋም እንደ ቀድሞዎቹ አንድ ጠባብ መሥመር ሳይሆን 120 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ስፍራ በአንድ ማለፍ ትለካለች።