እንጎቻ፣ እንገርና እሸት፦ በአባሉ ቤት የሚቀረው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የምሥረታ በዓል ሲከበር በአብዛኛው የሚነገረው የሚቆጠረው ነገር ነው። ስንት ኩንታል እህል ተሰበሰበ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ፣ ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ስንት ደረሰ የሚለው በሪፖርት ይቀርባል፤ መቅረብም አለበት። ይህ ንግግር ግን እህሉ ከዩኒየኑ መጋዘን ከመድረሱ በፊት ወደነበረበት ቤት ይመለሳል። በዚያ ቤት ምድጃ አለ፣ መደብ አለ፣ ልጅ አለ። ከምርቱ ለዚያ ቤት ምን እንደሚቀር ግን በሪፖርት ላይ አይጻፍም።

በደጋውና በወይናደጋው ያሉ አባላት አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከብት ጠባቂ ነበሩ። ጠዋት ከብት ሲነዱ ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ይዘው ይወጣሉ፤ ቆሎው ግን ከመስኩ ሳይደርሱ ያልቃል። ቀኑን ከጭቃ በሬ እየሠሩ፣ በስንጥር ቀንበር እየጠመዱ፣ ከላሟ ኮቴ የማትበልጥ ማሳ ሲያርሱ ይውላሉ። ሴቶቹ ልጆች ውኃ ሊቀዱ ወርደው ከምንጩ አጠገብ በጠጠር ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፤ እንስራው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ነው የሚነሱት። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ጅራፍ ይጮሃል፣ ሙልሙል ይሰበሰባል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ እሸት ይደርሳል። የባቄላ እሸት ከነቆባው በእሳት ተጠብሶ፣ ጥቁር እጅና ጥቁር አፍ ይዞ ቤት መግባት የዚያን ጊዜ ትልቅ ድግስ ነበር።

ማታ ከምድጃው ዳር እንቆቅልሽ ይጀመራል። መልሱን ያላወቀ ልጅ አገር መስጠት አለበት። ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ የስምንት ዓመት ልጅ ጎንደርን ይሰጣል፣ ጎንደር አልበቃ ካለ ደሴን ይጨምራል። ዛሬ ለአንድ ጥማድ መሬት ወሰን ሽማግሌ የሚያስቀምጡ አባቶች በልጅነታቸው እንዲህ ለጋሶች ነበሩ።

ከሁሉም ከልብ የማይጠፋው ግን እንጎቻ ነው። እናት እንጀራ ስትጋግር ልጆች ከምጣዱ አጠገብ አይጠፉም። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ቢሆንም የሚነሳ የለም፤ ሊጡ ሊያልቅ ሲል ያቺ ትንሿ እንጀራ ትመጣለችና። ሊጡ ያው ነው፣ ምጣዱም ያው ነው። ልዩነቷ ለልጁ ተብላ መጋገሯ ነው። በትልቁ መሶብ የሚቀርበው አባት ሲባርክ፣ እንግዳ ሲጎርስ፣ ተራ ሲደርስ የሚበላ ነው፤ እንጎቻ ግን ከምጣዱ በቀጥታ ወደ ልጁ እጅ ትገባለች። ተራ የላትም።

ላም ስትወልድም እንዲሁ ነበር። እንገሩ ተፈልቶ እንደ አይብ ሲረጋ የቤቱ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የጎረቤት ልጆችም ይጠሩ ነበር። እዚህ ላይ ለከብት አርቢ አባላት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥጃዋ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ እንገር በደንብ መጥባት አለባት፤ በሽታ የምትቋቋምበትን ኃይል የምታገኘው ከዚያ ነው። ለልጆች የሚፈላው ከእሷ የተረፈው ነው። የሰው ልጅም ከዚህ አይለይም። አንዳንድ ቤት ዛሬም የእናት የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ታልቦ ይደፋል፣ ለአራሱ ልጅ ቅቤ ይላሳል። ጥጃዋን ከእንገር የማያስቀር አርሶ አደር የገዛ ልጁን ሊያስቀር አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲነገር "ደግ ጊዜ ነበር" የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት ነው። ከብት ጥበቃው ስንቱን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቷል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ተጠርጎ፣ እናት ሳትበላ "በላሁ" የምትልባቸው ቀናት ነበሩ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲደርስ ልጅ የነበሩ የወሎና የሰሜን ሸዋ ሰዎች ቆሎም ሙልሙልም ያጡበትን ዓመት አይረሱም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን መመለስ ያለበት ችግሩ አይደለም፤ ከምርቱ ላይ ለልጁ ተብሎ ቀድሞ የሚነሳው ድርሻ ነው።

ዛሬ ምርት ጨምሯል። በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ አባት ያገኝ ከነበረው ብዙ እጥፍ የሚያገኝ ልጅ በየቀበሌው አለ። ነገር ግን ጥርና የካቲት ሲመጡ ብድር፣ ግብርና ሠርግ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ዋጋ ይወርዳል። ያው ቤት ክረምት ሲገባ እህል ገዢ ሆኖ ገበያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ወጥቶ ይጠብቀዋል።

የሚሸጠውና የሚቀመጠው እህል አመራረጥም ሊታሰብበት ይገባል። ጤፍ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል፤ በቆሎና ባቄላ ለቤት ይቀመጣሉ። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በደንብ ከደረቀ ለዓመታት ይቆያል። ነቀዝ የሚወደው በቆሎውንና ባቄላውን ነው። እንግዲህ ብዙ ቤት የሚበረክተውን ሸጦ የሚበላሸውን ያስቀምጣል ማለት ነው። ጤፉ አይሸጥ ማለት አይደለም፤ ብድር መከፈል አለበት። ከጤፉ ጥቂት ኩንታል እስከ ሐምሌ ቢቆይ ግን ሲሸጥም ሲበላም ይጠቅማል።

በቆሎውን ለማቆየት አሁን በብዙ ወረዳዎች የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከውጭ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ ያለ ነው። እህሉ ከደረቀ በኋላ፣ ማለትም በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ይጨመራል፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣና ሦስቱም ለየብቻቸው ይታሰራሉ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። በየሳምንቱ እየፈቱ መቀነስ ግን ጥቅሙን ያሳጣል። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል።

በገበያ በክኒን መልክ የሚሸጠው የነቀዝ መድኃኒት ነገር ያሳስባል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ነቀዝን ብቻ ለይቶ አይገድልም። በአብዛኛው ቤት ጎታው ያለው ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ክኒኑን መጠቀም በልጆች ሕይወት መጫወት ነው። የማህበራት ኮሚቴዎች ይህን ለየአባሉ ቢያስረዱ ከማንኛውም አገልግሎት አይተናነስም።

ወደ እንቁላሉ እንምጣ። ዶሮ የእማወራዋ ባንክ ናት፤ ጨው፣ ቡናና ደብተር የሚገዛው ከእሷ ነው። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ሦስት ዶሮ ያላት እናት 150 ያህል ታገኛለች እንበል። ለአንድ ሕፃን በሳምንት ሁለት ቢሰጠው በዓመት 104 ይሆናል፤ ለማስቀፈፊያና ለጨው 46 ይቀራል። ጠባብ ሂሳብ ነው፣ አይካድም። ዛሬ በብዙ ቤት ያለው ሂሳብ ግን ለሕፃኑ ዜሮ ነው።

ውጤቱ ይታያል፣ ግን አያስደነግጥም። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፤ አጭር ነው፣ የጎረቤቱም ልጅ አጭር ነውና ማንም ልብ አይለውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል 46 ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. ሲለካ እንደ አገር 37፣ በክልሉ 41 ነበር። ትርፍ አምራች በሚባለው አካባቢ ይህ መሆኑ ነው የሚገርመው። መቀንጨር ቁመትን ብቻ ሳይሆን ትምህርት የመቀበል አቅምንም ይነካል፤ ዋናው የጉዳት ጊዜ ደግሞ ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ቃሉን የገባው መንግሥት ነው፤ እንቁላሉ ያለው ግን በአባሉ ቤት ነው።

እንቁላልና ወተት ባለበት ቤትም ጾም ሲገባ ሕፃኑ አብሮ ይጾማል። እናት ድስቱ እንዳይነካካባት ትሰጋለች፤ ስጋቷ ሊናቅ አይገባም። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ግን የንስሐ አባቶች ያውቃሉ፤ ቢናገሩ የሚሰማቸው ብዙ ነው። ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ከተለየች የእናትም ልብ ያርፋል፣ ልጁም አይጎዳም። ይህቺ ድስት የዛሬዋ እንጎቻ ልትሆን ትችላለች።

ይህን ሁሉ ማን ይወስናል? በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው አባወራው ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና ሚስትን ስም አንድ ላይ መያዝ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በብዙ መሠረታዊ ማህበራት የአባልነት መዝገብ ላይ ግን ዛሬም አንድ ስም ብቻ ነው የሚገኘው። አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ክፍት ነው፤ ድምፅም ለአንድ አባል አንድ ነው። እማወራዋ ዕጣ ገዝታ በስሟ እንዳትመዘገብ የሚከለክላት ነገር የለም። የየማህበሩ ጸሐፊዎች መዝገቡን ገልጠው ስንት ሴት እንዳለች ቢቆጥሩ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ይገኝላቸዋል።

እስከዚያው የቤቱ ጉባኤ ቡናው ነው። አቦሉ ሲቀዳ ስለ ገበያው ይወራል፣ ቶናው ላይ ስለ ጎረቤት፣ በረካው ላይ ሰው ሁሉ ረጋ ይላል። ዛሬ ማታ ከበዓሉ ስትመለሱ ቡና ይፈላል። በረካው ሲደርስ "ከዘንድሮው ጤፍ ስንት ኩንታል እስከ ሐምሌ ይቆይ?" የሚለው ጥያቄ ይነሳ፤ መጀመሪያም እማወራዋ ትመልስ። ማህበራቱ ደግሞ በቆሎ ተፈልፍሎ ሳያልቅ፣ በኅዳር፣ ከረጢቱን ከየመጋዘናቸው ያድርሱ።

መልካም የምሥረታ በዓል!