የከባድ መኪና ሞተር የቫልቭ ክዳን ለምን ዘይት ያፈሳል?



ከናፍጣ ሞተር ክፍሎች መካከል እንደ ቫልቭ ክዳን ጋስኬት የተናቀ አይገኝም። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ለመለወጥም ልዩ ዕውቀት የሚጠይቅ አይመስልም። ስለዚህም በየጋራዡ ሥራው ለጀማሪ ይሰጣል፤ ጀማሪውም ብሎኑን ፈትቶ፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን አስቀምጦ፣ ባለ በሌለ ኀይሉ አጥብቆ ይዘጋል። መኪናው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ያንኑ ዘይት እያንጠባጠበ ይመለሳል። ባለንብረቱ ዕቃው እንዳልረባ ይናገራል፤ መካኒኩም ይስማማል፤ ሌላ ጋስኬት ይገዛል።

ጋስኬቱ የተሰጠው ሥራ ምን እንደሆነ በቅድሚያ መረዳት ያሻል። ከክዳኑ ሥር ያለው ክፍት ቦታ በዘይት ግፊት የተሞላ አይደለም። ዘይቱ በፓምፑ ኀይል እስከ ሮከሮቹ ይወጣል፤ ከዚያም ቫልቮቹንና ሞላዎቻቸውን አለስልሶ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ይመለሳል። እንግዲህ ከጋስኬቱ የሚጠበቀው የሚረጨውን ዘይት ማገድ ብቻ ነው። ይህን ቀላል ተግባር መፈጸም ከተሳነው፣ ወይ ራሱ ደርቋል፣ ወይ የተቀመጠበት ገጽ ተበላሽቷል፣ ወይም ከውስጥ ሊኖር የማይገባው ግፊት አለ። ሳይጠየቅ የሚታለፈው ይህ ሦስተኛው ነው።

ፒስተኑ የሚያምቀው ጋዝ በፋሻዎቹ ዳርና ዳር እያመለጠ በመጠኑ ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል መግባቱ በማንኛውም ሞተር ላይ ያለ ነገር ነው። ለዚህም መተንፈሻ ቱቦ ተሠርቶለታል። ቱቦው በአቧራና በረጋ ዘይት ሲደፈን፣ ወይም ፋሻዎቹ አልቀው የሚያመልጠው ጋዝ ከቱቦው ዐቅም ሲበልጥ፣ ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ደካማው መጋጠሚያ ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ ነው። የኢትዮጵያ ጭነት ዋና መሥመር ጉዳዩን ያከብደዋል። ከጂቡቲ ወደብ የተነሣ መኪና በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ መሀል አገር የሚመጣው ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ነው፤ ያውም ጭነቱ ከወደቡ ስለሚነሣ ሽቅቡን የሚወጣው በሙሉ ጭነት ነው። ፋሻውን አልፎ የሚያመልጠው ጋዝ የሚበዛው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ጋራዥ ውስጥ ባዶውን ተነሥቶ ለአምስት ደቂቃ ሲሠራ ደረቅ የነበረ ክዳን፣ አዳማ ሲደርስ ርሶ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ግፊቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፎ፣ ውሃ ጨምሮ፣ አንዱን ጫፍ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ላይ አየር በማያስገባ ሁኔታ ማገናኘት ይበቃል። ሞተሩ ሲሠራ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው የውሃ ከፍታ ልዩነት በሚሊሜትር ይነበባል፤ ንባቡም ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። ይህን ያህል ቀላል መለኪያ በጥቂት ጋራዦች ብቻ መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

በአሥር ሰከንድ አንድ ጠብታ ማን ይቈጥራል ይባል ይሆናል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ጉዞ ግን 4,320 ጠብታ ይሆናል። ሃያው ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ያህል ነው ቢባል፣ በቀን 216 ሚሊሊትር፣ በአምስት ቀን ከአንድ ሊትር በላይ ዘይት ይጠፋል። ረዳቱ በየፌርማታው ዘይት መጨመሩን እንደ ተራ ሥራው ቢቈጥረውም፣ ከኪሳራው የሚከፋው አደጋው ነው። የሞተር ዘይት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ሲል ተቀጣጣይ ተን ይሰጣል፤ በሙሉ ጭነት ዳገት የሚወጣ ሞተር የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ደግሞ ከ500 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በመካከላቸው በዘይት የራሰ ቡቱቶ ወይም የአቧራ ክምር ካለ፣ ሾፌሩ መኪናውንም ጭነቱንም በበረሃ መሀል ሊያጣ ይችላል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት ሞተሩን ማጠብና ማድረቅ አለበት። ይህ የሚሆነው አቧራ ወደ ቫልቮቹ እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን፣ ፍሳሹ በእርግጥ ከክዳኑ መሆኑን ለማወቅም ጭምር ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ የማራገቢያውም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ መነሻው የሚፈለገው ከርጥቡ ሁሉ ላይኛውና ፊተኛው ቦታ ላይ ነው። በደረቀው ሞተር ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሶ ማስነሣት መንገዱን ያሳያል።

በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት የሚታየው የሲኖትራክ ሞተር፣ ደብልዩ ዲ 615፣ 9.726 ሊትር ይዘት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታና የራሱ ክዳን ስላለው፣ ጋስኬቶቹም ስድስት ናቸው። የሚያፈሰውን አንዱን ብቻ መለወጥ የተለመደ ነው። ሆኖም ስድስቱም እኩል ዕድሜና እኩል ሙቀት ያሳለፉ በመሆናቸው፣ አንዱ ደርቆ ሲሰነጠቅ የቀሩት ብዙ ይቈያሉ ብሎ መገመት ቁጠባ አይደለም። ክዳኑ ከተከፈተ ዘንድ የቫልቮቹን ክፍተት ሳይለኩ መዝጋትም ተገቢ አይሆንም፤ በተለመደው የዚህ ሞተር ዐይነት ክፍተቱ በቀዝቃዛው ለማስገቢያው 0.30፣ ለማስወጫው 0.40 ሚሊሜትር ነው።

አሮጌውን ጋስኬት በካቻቢቴ መፋቅ ገጹን ይሰረጉዳል፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሣት ይገባል። ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ ክዳን ከሆነ፣ ከዚህ ቀደም በተደረገ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ታች ጐብጦ ይገኛል፤ ሳይቃና ምንም ዐይነት ጋስኬት አይዘው። ጐማው በልክ መጨመቅ እንጂ መጨፍለቅ የለበትም። የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ብረት ከብረት ሲያያይዝ እንኳ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ የክዳን ብሎን ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚፈልገው። ከመካከል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በመለኪያ መፍቻ ይጠበቃል።

ሲሊኮን የሚባለውን ማጣበቂያ በጐማ ጋስኬት ላይ እንደ ቅቤ መለቅለቅ ሌላው ጐጂ ልማድ ነው። ጐማውን አንሸራትቶ ከቦታው ያወጣዋል። ወደ ውስጥ የተረፈው ደግሞ ተቈርሶ ከዘይቱ ጋር ይወርድና የፓምፑን ማጣሪያ ወንፊት ይደፍናል፤ ዘይት ያጡ ብሮንዚናዎችም ይቃጠላሉ። ጠብታ ለማቆም የተደረገው ሁሉ ሞተሩን አስወረደ ማለት ነው።

ሥራው ያበቃው ክዳኑ ሲዘጋ ሳይሆን መኪናው በሙሉ ጭነት ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ነው። በዚያን ጊዜ የየክዳኑ ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ርጥበቱ በአንዱ ብቻ ከታየ፣ የዚያው ክዳን ገጽና አጠባበቅ እንደገና ይመረመራል። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በስድስቱም ላይ ከታየና የውሃው ቱቦም ከመመሪያው በላይ ካነበበ ግን፣ ሌላ ጋስኬት አይገዛም፤ ቴስታታዎቹ ወርደው የሲሊንደሮቹና የፋሻዎቹ ልክ መታየት እንዳለበት ለባለንብረቱ በጽሑፍ ይነገረዋል።