ቤት ተሸጦ ስለሚተርፍ ዕዳ
(የማኅበራችን ጸሐፊ በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም። እንደሚታወቀው ከመካከላችን የአንድ ሰው ቤት በባንክ ሐራጅ ተሽጧል። በቆሎና በርበሬ ለመነገድ ቤቱን አስይዞ ተበደረ፣ ንግዱ ከሰረ፣ ቤቱ ሄደ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሰውዬው ቁልፉን ሲያስረክብ «በቃ፣ ተገላገልኩ» አለ። እኛም እውነት መስሎን «እግዜር ይተካልህ» ብለን አጽናናነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ቀሪ ዕዳ አለብህ ይላል። ግልባጩ ደግሞ ለዋሶቹ። ከዋሶቹ አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ጠይቄ የተረዳሁትን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ የነሳኝንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ለዕዳው መያዣ ነው እንጂ የዕዳው ልክ አይደለም። ለምሳሌ ዋናው ገንዘብና ወለዱ 600,000 ብር ደርሶ ቤቱ በ450,000 ብር ቢሸጥ 150,000 ብር ይቀራል፤ የሐራጁ ወጪ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ያ ቀሪ ከተበዳሪው ራስ አይወርድም። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ደግሞ ትርፉ የባለቤቱ ነው፤ ጠይቆ መቀበል ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ቁልፉን ስጥና ተገላገል» እያሉ ይደውላሉ። እውነት ነው፣ እነ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት መግዣ በተወሰደ ብድር ላይ ቀሪው የማይጠየቅበት ሕግ አለ። የኛ አገር ግን እንደዚያ አይደለም።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 እንደሚለው፣ በውሉ ከተስማሙ፣ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልመጣ ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። እንግዲህ እነዚያ 30 ቀናት የዋዛ አይደሉም። ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ ራስ ገዢ መፈለግ፣ ስለ መነሻ ዋጋው መጠየቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። የኛ ሰው ምን አደረገ? ማስጠንቀቂያውን ሳይከፍት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ደብዳቤ ባይከፈት ቀኑ የማይቆጠር መስሎት ነው። አዋጁ ባንኩንም ያስረዋል፤ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ባለዕዳውን ከጎዳ ይጠየቃል። ግን ይህን የሚጠይቅ ወረቀቱን ያነበበ ሰው ነው።

ስለ ዋስ ልናገር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነ ዋስትናው አይጸናም። ሮጬ ውሌን አውጥቼ አየሁ። ልኩ ተጽፏል፤ ስፈርም አላየሁትም እንጂ። ከዚያ በታች «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል አለ። ያን ጊዜ እንዲሁ የወረቀት ወግ መስሎኝ ነበር። ለካስ ባንኩ ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እኔ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሚስቴ እስካሁን ድረስ በዚህ ነገር ታነሳብኛለች፤ እውነቷን ነው።

«ዝም በል፣ ይረሳል» የሚሉም አሉ። አይረሳም። የይርጋው ጊዜ 10 ዓመት ነው። በመካከሉ ክስ ከተመሠረተ፣ ወይም ባለዕዳው ጥቂት ብር ከፍሎ ዕዳውን ካመነ፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

የሰውዬው ባለቤት ደግሞ «ድስቴንም ይወስዱታል» ብላ ስታለቅስ ሰንብታለች። ይህ አይደለም። ፍርድ ቤት ቢፈርድ እንኳ የማብሰያ ዕቃ፣ መኝታ፣ የሚለበስ ልብስ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ገበሬም ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር አይያዙም። ደመወዝተኛም ቢሆን ደመወዙ በሙሉ አይወሰድበትም።

አንዳንድ አባላት ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈልለት ብላችኋል። እኔ ዋስ ስለሆንኩ በዚህ ነገር ድምፅ አልሰጥም። ሐሳቤን ግን ልናገር፤ ያ ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው፣ አይነካ። ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። ሰውዬው እኛን ዋሶቹን ፈርቶ ለቅሶ መድረስ ትቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ልከን አገኘነው። ተቀምጠን ቡና ጠጣን፣ ማንም ማንንም አልወቀሰም።

የፊታችን ማክሰኞ ሦስታችን አብረን ወደ ባንኩ እንሄዳለን። ዋናው ስንት ነበር፣ ወለዱና ቅጣቱ ስንት ደረሰ፣ ቤቱ በስንት ተሸጠ፣ ለሐራጁ ምን ያህል ወጣ፤ ይህን ሁሉ በጽሑፍ እንጠይቃለን። ሒሳቡ ሳይሰጠን ምንም አንፈርምም። ከዚያ በየወሩ የሚችለውን ያህል እንዲከፍል እንለምናለን። ሌላም እንዲህ ያለ ያልተከፈተ ደብዳቤ በቤቱ ያለው ሰው ካለ እስከ ሰኞ ማታ ወደ እኔ ያምጣው። አብረን እናነበዋለን።